እትዬ ረሂማ፣ የወረፋው ዳኛ

በዚህ አገር ሦስት ሰው ተከታትሎ ከቆመ አራተኛው ወረፋ አስከባሪ ነው። ማንም አልሾመውም። ደመወዝ የለውም፤ መታወቂያም የለውም። ወፍጮ ቤት ሂዱ፣ ባንክ ሂዱ፣ መናኸሪያ ትኬት መቁረጫው ጋ ቁሙ፤ አንድ ሰው አንገቱን መዘዝ አድርጎ «ይቅርታ፣ እርስዎ ከማን ኋላ ነዎት?» ሲል ትሰማላችሁ። ሁላችንም በሆዳችን «አንተን ምን አገባህ?» እንላለን፤ በአፋችን ግን አንልም። እሱ ባይኖር ጉልበተኛው ሁሉ ይቀድመናል። እሱ በመኖሩ ደግሞ እኛ መቅደም አልቻልንም። እንዲህ ያለውን ሰው መውደድም መጥላትም ያስቸግራል።

የእኛዋ እትዬ ረሂማ ይባላሉ። ማዕረጋቸው ተሟልቶ ቢጻፍ «ክብርት እትዬ ረሂማ፣ የተመላላሽ ሕክምና ወረፋ ጠቅላይ ዳኛ፣ የአግዳሚ ወንበሮች ሁሉ ጠባቂ» የሚል ይሆን ነበር። የግራና ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን መርሳ መናኸሪያ ብርቱካንና ማንጎ ሲሸጡ አሳልፈዋል። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሻጩ ሁሉ መስኮቱ ላይ ሲረባረብ «በተራ! በተራ!» እያሉ ሥርዓት ያስያዙት እሳቸው ናቸው ይባላል። ስኳር ሲይዛቸው ገበያውን ተዉት፤ ሥርዓት ማስያዙን ግን ይዘውት ሆስፒታል መጡ።

ሆስፒታሉን በስም አልጠራውም። ከመርሳም ከግራናም ከሲሪንቃም ሰው የሚመጣበት፣ ከደጋውም የሚወርድበት ነው ካልኩ ይበቃል። እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ የደም ግፊት ያተረፍኩ መምህር ነኝ፤ በየወሩ የክትትል ቀን አለኝ። የክትትል ቀን ማለት ሙሉ ቀን ማለት ነበር። ካርድ ለማውጣት ትሰለፋላችሁ። ካርዱ ሲገኝ ግፊት ለመለካት ትሰለፋላችሁ። ከዚያ ሐኪሙ በር ላይ ትሰለፋላችሁ። ሐኪሙ የደም ምርመራ ያዛል፤ ለመክፈል ትሰለፋላችሁ፤ ላብራቶሪ ትሰለፋላችሁ፤ ውጤቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ስትመለሱ ሐኪሙ ምሳ ወጥቷል። ቤቴ ስገባ ግፊቴ ጠዋት ከነበረው ብሶ ነው የምገባው።

ስለዚህ ሁሉም ሰው ጎህ ሳይቀድ ይመጣል። በሩ ገና ስላልተከፈተ ወረፋው በዕቃ ይያዛል፤ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ የውሃ ፕላስቲክ፣ አንዱ የጫማውን አንድ እግር ያስቀምጣል። እትዬ ረሂማ ሱብሂ ሰግደው በመጀመሪያዋ መኪና ከች ይላሉ። ቢጫ ጃንጥላቸውን ከዕቃዎቹ ጎን ተክለው ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ አንዲት ጠጠር ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም።

ስም አይጠይቁም። «አንተ ባለ ቀይ ሹራብ፣ ከባለ ነጠላዋ ኋላ። አንቺ ሕፃን ያዘልሽው፣ ከመምህሩ ፊት። አንቱ ባለ ከዘራ፣ ከእኔ ኋላ ኖት፤ ግን ይቀመጡ፣ እኔ አለሁልዎት።» ዘግይቶ የመጣውን «ከማን ኋላ ነህ?» ሲሉት የመርማሪ ፖሊስ ዓይን አላቸው። «ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምገባው» የሚል ሰው ከመጣ አለቀለት።

«እኛስ ለሠርግ የመጣን መሰለህ?»

አንድ ጊዜ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ስልኩን ከጆሮው ያልነቀለ ሰውዬ ሁላችንንም አልፎ ወደ በሩ አመራ። ጃንጥላዋ መንገዱ ላይ ተጋደመች። «እናቴ፣ ስብሰባ አለብኝ» አለ። «እኔም ስኳር አለብኝ» አሉት። ሰውዬው ስልኩን ዘግቶ ከባለ ቀይ ሹራቡ ኋላ ቆመ።

ዶክተር ሳሙኤል አዲስ የተቀጠረ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ጋውኑን አልለበሰም፤ ልጅ እግርም ነው። «ዶክተር ነኝ እኮ» አላቸው። «ዛሬማ ሁሉም ዶክተር ነው። ከማን ኋላ ነህ?» ጥበቃው ሞገስ ሮጦ መጥቶ ባይመሰክርለት ኖሮ ዶክተሩ ራሱ የሚያክማቸውን ሰዎች ወረፋ ሊጠብቅ ነበር። «እንግዲያው ግባ ልጄ፤ ነገ ግን ነጭህን ለብሰህ ና» ብለው አሳለፉት። ዶክተር ሳሙኤል ከዚያ ወዲህ ጋውኑን ቤቱ ለብሶ ነው የሚመጣው።

እኔም አልቀረልኝም። ዳቦ ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ ተቀበሉኝ።

«መምህር፣ ወረፋህ ሞቷል።»

«ወረፋ ይሞታል እንዴ?»

«ባለቤቱ ጥሎት ከሄደ ምን ይሁን ታዲያ?»

ጭራ ላይ አቆሙኝ። ትንሽ ቆይተው ግን አጠገቤ መጥተው ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው ሰጡኝ። እሳቸው አይበሉትም፤ ስኳሩ ከልክሏቸዋል። ጭራ ላይ ላቆሙት ሰው ሁሉ ማጽናኛ እንዲሆን ነው የሚይዙት። ልጇ የሚያለቅስባትን እናት «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ ልጁን ተቀብለው ያባብላሉ። የሁለት ሰው ክርክር ሲዳኙም የራሳቸው ተራ ተጠርቶ ያልፋቸዋል፤ ያን ጊዜ ከራሳቸው ሕግ አይወጡም፤ ጭራው ላይ ሄደው ይቆማሉ።

ከዚያ የይታገሱ ነገር መጣ።

ይታገሱ ከደጋው የወረደ ገበሬ ነው። ሚስቱ አበበች አብራው ነበረች። ጋቢውን ተከናንቦ ወረፋው ጫፍ ላይ ቆመ። አላቃሰተም፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንደነበረበት የነገረው ሰው የለም፤ ሰው የተሰለፈበትን አይቶ ተሰለፈ። አበበች ወደ እትዬ ረሂማ ተጠጋች።

«እናቴ፣ ደረቱን ይዞታል። ቢያስቀድሙን።»

እትዬ ረሂማ አዩት። ቆሟል። የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ጎረምሳ «ሊሞት ነው» ተብሎ በሁለት ሰው ተደግፎ ሁላችንንም ቀድሞ ገብቶ፣ ለሥራ የሚሆን የሕክምና ወረቀት ፈልጎ ኖሮ እየሳቀ ወጥቷል። እትዬ ረሂማ በዚያ ተቃጥለዋል።

«ልጄ፣ እዚህ ጤነኛ የለም» አሏት። «ሁሉም አሞት ነው የመጣው። አብሽሪ፣ ይደርሳችኋል።»

ይታገሱም ሚስቱን «ተይ፣ ሰው አታስቸግሪ» አላት። ቦታ ተለቆለት ተቀመጠ። ፀሐይዋ አግዳሚው ጋ ስትደርስ ሙቀት ፈልጎ ፊቱን ወደ እሷ ያዞረ መሰለኝ። ከዚያ በጎኑ ተንሸራቶ ወደቀ።

እኔና ሞገስ አነሣነው። ዶክተር ሳሙኤል ከክፍሉ ሮጦ ወጣ። «ልቡ ነው» ሲል ሰማን። ድንገተኛ ክፍል ብዙ ከቆዩ በኋላ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላኩት። አበበች የባሏን ጫማ በእጇ እንደያዘች ተከትላው ገባች።

እትዬ ረሂማ ከቆሙበት አልተነቃነቁም ነበር። «አየሁት እኮ፣ መምህር» አሉኝ። «በዓይኔ አየሁት። ቆሞ ነበር።» ስማቸው ሲጠራም አልገቡም። ጃንጥላቸውን አጥፈው ወደ መንገዱ ወጡ።

በሚቀጥለው ወር መጡ። ረፍዶባቸው ነበር፤ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ሰው ሁላችንንም አልፎ ወደ ፊት ሲሄድ ዞር ብለን እሳቸውን አየን። መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት። ሌላውም ሄደ። ሦስተኛውም። ወዲያው ወረፋው ክምር ሆነ፤ ጩኸት፣ ግፊያ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ግድግዳው ላይ ተጣበቀች።

«እትዬ ረሂማ፣ ኧረ ሰዉ ተበጣበጠ።»

«ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ የታመመውንና ያልታመመውን መለየት አላውቅም። ሳላውቅ ነው ስፈርድ የኖርኩት።»

ማርታ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ኢንጂነር ናት፤ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ሳይንከራተት እንዴት እንደሚመረት ያጠናች። ሆስፒታሉ የመጠበቂያውን ጊዜ እንድታሳጥርለት ጠራት። አንገቷ ላይ እንደ እግር ኳስ አሠልጣኝ ሰዓት መቁጠሪያ አንጠልጥላ፣ ታካሚ እያስፈቀደች ከበር እስከ በር ትከተላለች። አንድ ቀን እኔን ተከተለችኝ። ስሄድ ትሄዳለች፣ ስቀመጥ ትቀመጣለች። ማምሻውን እንዲህ አለችኝ፦

«መምህር፣ ዛሬ ሐኪም ያየዎት አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያህል ነው። ሌላው ሁሉ መጠበቅ ነው። ከመጠበቁም ብዙውን የጠበቁት ሐኪሙን አይደለም፤ ካርድዎን ነው።»

ግፊቴ የጨመረው ለወረቀት ኖሯል!

ሞገስ፣ ጥበቃው፣ ማርታና እትዬ ረሂማ ጦርነት ሊገጥሙ ነው ብሎ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። «ወረፋ የሚያጠፋ ሰው መጣብዎት» ብሎ ለራሳቸውም ነገራቸው።

አንድ ቀን ማርታ ኮሪደሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ላፕቶፗን ከፈተች። ሰው አንድ በአንድ ከኋላዋ ተሰበሰበ። ስክሪኑ ላይ የሆስፒታሉ ንድፍ አለ፤ ካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪው፣ የሐኪሞቹ በር። ትንንሽ ነጠብጣቦች ከበሩ እየገቡ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይከማቻሉ።

«ፊልም ነው?» አለ ሞገስ።

«ሆስፒታላችሁ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ሠራሁለት። ማንም ሰው ሳይጎዳ እንድንሳሳትበት ነው።»

ከአግዳሚው ጫፍ እትዬ ረሂማ ቀና አሉ። ተነሥተውም መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

«ምን አልሽ፣ የኔ ልጅ?»

«እውነተኛው ላይ ከመሞከራችን በፊት እዚህ እንሞክረዋለን ነው ያልኩት፣ እማማ። ይኸው፣ ሁሉም ሰው ሐኪም ይጨመር ይላል። አንድ ልጨምር።» ነካ አደረገችው። ነጠብጣቦቹ ከሐኪሙ በር ተነሥተው ላብራቶሪው በር ላይ ተከመሩ። «አያችሁ? ወረፋው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።»

«አጀብ!» አሉ እትዬ ረሂማ።

ማርታ ቀጠለች። የነገ ታካሚዎች ካርድ ዛሬ ማታ ወጥቶ ቢያድርስ? መክፈያው ከላብራቶሪው ጎን ቢሆንስ? ለክትትል የሚመጣ ሰው ሐኪሙ ዘንድ ሳይገባ ደሙን ቢሰጥስ? ሁሉም ጎህ ሲቀድ ከሚመጣ ለየሰዉ ሰዓት ቢነገረውስ? አንዱን ስትቀይር ክምሩ ይሳሳል፤ አንዱን ስትቀይር ደግሞ ሌላ ጋ ያብጣል፤ መልሳ ታስተካክለዋለች። እኛ አፋችንን ከፍተን እናያለን።

«እኔ የቷ ነኝ?» አሉ እትዬ ረሂማ።

ማርታ ሳቀችና አንዷን ነጠብጣብ ቢጫ አደረገችላቸው። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ከበር እስከ በር ተከተሏት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«አንድ ሰው ጨምሪልኝ። ወረፋው ጫፍ ላይ። ደረቱን የያዘው፣ ግን የማይናገር።»

ማርታ የይታገሱን ነገር አታውቅም። ፊታቸውን አየት አደረገችና ምንም ሳትጠይቅ አንድ ቀይ ነጠብጣብ ጨመረች። መጀመሪያ በድሮው አሠራር አስኬደችው። ቀዩ ጫፍ ላይ ቆመ። ጥቂት ተጠጋ። ቆመ። ጥቂት ተጠጋ።

«ይበቃል» አሉ እትዬ ረሂማ። «ይበቃል፣ አታሳዪኝ።»

«አሁን ደግሞ በሩ ላይ ነርስ እናስቀምጥ» አለች ማርታ። «የሚገባ ሰው ሁሉ ሳይሰለፍ በፊት ትጠይቀዋለች፣ ትለካዋለች። የባሰበትን ትለየዋለች።»

ቀዩ ነጠብጣብ በበሩ ገባ። ነርሷ ጋ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ክምሩን በጎን አልፎ ቀጥ ብሎ ድንገተኛ ክፍል ገባና ከዓይን ጠፋ።

«በቃ?»

«በቃ፣ እማማ። ገባ።»

«ሰዉ አልተቆጣም?»

«ሰዉ አላየውም።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ደግመው አስደገሟት። እትዬ ረሂማ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በሩ ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ፣ ተምራ ነው አይደል የምትለየው?»

«ተምራ ነው።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲያው ይኼ ነገር ከእኔ ጫንቃ ይውረድ።»

እኛ ሁላችን ሥልጣናቸውን የሚወዱት መስሎን ነበር።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። መጀመሪያ ላይ ሰዓት የተነገረው ሰው ሁሉ ሰዓቱን አላመነውም፤ አራት ሰዓት ና የተባለው ጎህ ሳይቀድ ድንጋዩን ይዞ ከች ይላል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ላብራቶሪው ቆመና አግዳሚው እንደ ድሮው ሞላ፤ ማርታ ተጠርታ መጥታ እንደገና ጠረጴዛዋን ዘረጋች። መክፈያውን የት እንደሚያዛውሩት ሲከራከሩ ሁለት ጊዜ አዛወሩት።

በዚያ ሁሉ መሀል ቢጫዋ ጃንጥላ እንደገና ተተከለች፤ ሥራዋ ግን ተገልብጧል። «ሰዓትህ መቼ ነው? አራት? ታዲያ አሁን ምን ትሠራለህ? ድንጋይህን ያዝና ሂድ፣ ሻይ ጠጣ!» አንዲት ሴት ተቆጥታ «ወረፋዬን ሊያስነጥቁኝ ነው?» አለቻቸው። «ወረፋ የለሽም፣ የኔ ልጅ። ያለሽ ሰዓት ነው።» ግራና ገበያ ድረስ ሄደው ይህንኑ ሲያስተምሩ ከረሙ። ሰዉ የሆስፒታሉን ወረቀት ባያምን እሳቸውን አመነ፤ አስከባሪዋ ራሳቸው ወረፋ የለም ካሉ የለም ማለት ነው። ቀስ በቀስ አግዳሚዎቹ ባዶ ሆኑ።

ይታገሱ ሞተ ብለን ስንፈራ አንድ ቀን በበሩ ገባ። ከስቷል፤ በትር ይዟል፤ አበበች ከጎኑ ናት። ለክትትል ወደ እኛ ሆስፒታል መልሰውታል። እትዬ ረሂማ ገና ሲያዩት ተነሥተው ሁለት እጁን ያዙት።

«አፉ በለኝ፣ ልጄ፤ ይቅር በለኝ።»

«ስለ ምኑ ነው፣ እናቴ?»

ነገሩን ነገሩት። አያስታውሳቸውም ነበር። ሲገባው ፈገግ አለ። «የዚያን ዕለትማ እኔ ራሴ አስከባሪ ብሆን ኖሮ ራሴን አላሳልፈውም ነበር» አለ። «ምን የታመመ እመስል ነበር?»

አበበች ግን አልሳቀችም። «እኔ ተቀይሜዎት ነበር» አለች ፊት ለፊት እያየቻቸው። «ደሴ ሆኜ በየቀኑ ነበር የምረግምዎት።»

«ሐቅሽ ነው» አሉ እትዬ ረሂማ።

ነርሷ ይታገሱን ጠርታ አስገባችው። አበበች ጥቂት ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ባሏ እስኪወጣ የአሮጊቷ እጅ የአበበች ጉልበት ላይ ነበር፤ አበበችም አላነሣችውም።

ዛሬ የክትትል ቀን ሙሉ ቀን አይደለም። እኔ የተሰጠኝ ሰዓት ማለዳ ነው፤ ገብቼ፣ ተለክቼ፣ መድኃኒቴን ይዤ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ገና ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ አልጨረሰም። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ አወራሁለት። ከዚያ አንድ ቀን ከበሩ ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ግፊቴ ወርዷል፤ ቀኔ ተርፏል፤ ያ ሙሉ ቀን አብሮኝ ይቀመጥ የነበረው ሰው ግን የለም። ተመልሼ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆምኩ። ከፊቴ ማንም የለም።

«ሰዓቴን ቀይሪልኝ፣ እባክሽ።»

«ወደ ስንት ሰዓት?» አለችኝ ልጅቷ።

«እትዬ ረሂማ ወዳሉበት።»

«መምህር፣ የእርስዎ እኮ ይሻላል። ቶሎ ነው የሚወጡት።»

«ለዚያ ነው» አልኳት።

ባለፈው ወር ከሐኪሙ ወጥቼ መድኃኒቴን ተቀበልኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ትንሽ ቆይተው እትዬ ረሂማ ከፋርማሲው መጡ፤ የመድኃኒት ፌስታላቸውን እጃቸው ላይ አንጠልጥለዋል። አዩኝ፣ ቆሙም።

«ጨርሰህ የለም እንዴ፣ መምህር? ምን ትጠብቃለህ?»

«ምንም።»

በሩን አዩ፤ መንገዱን አዩ፤ የግራና መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ሰው እየጠራ ነው። ከዚያ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

«በል ትንሽ ጠጋ በል» አሉኝ። «እኔም ከጨረስኩ ቆይቻለሁ።»